ሳታዪው ትሄጃለሽ? የማይላፖር ማስታወሻ

ዓርብ፣ ሌሊት

ሙምባይ ላይ አውሮፕላን ቀይረን ደቡብ ህንድ፣ ቼናይ ስንገባ እኩለ ሌሊት አልፏል። ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደወጣን ሙቀቱ ክዳኑ እንደተነሣ ምጣድ ፊታችንን መታን። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ነው የምትራመደው። የግራ ዓይኗ ከድሮም ደካማ ነው። ቀኙን ደግሞ ስኳር ጎድቶት ከኅዳር ጀምሮ ውስጡ ደም ፈስሷል። ሰው ሲጠይቃት «ቀይ ነጠላ አከናንበውኝ የሄዱ ይመስለኛል» ትላለች።

ከእኛ በፊት ለሕክምና መጥተው የነበሩ ዘመዶቻችን የሰጡን አድራሻ ማይላፖር የሚባል ሰፈር ነው። ከሆስፒታሉ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ይርቃል፤ ቢሆንም ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ኪራዩ አይከብድም፣ ባለቤቷም እንግሊዝኛ ይናገራሉ ተብለናል። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ምድር ቤቱ ላይ ብቻቸውን እየኖሩ ፎቁን ያከራያሉ። ሰፈሩ ሁሉ «ማሚ» ነው የሚላቸው። በታሚል፣ በአገሩ ቋንቋ፣ የአጎት ሚስት ማለት ነው አሉኝ። እማዬ ስሙን ስትሰማ ድካሟን ረስታ ሳቀች። «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ማሚ ልትይ ነው?»

ቅዳሜ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጥረጊያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከበረንዳው ቁልቁል ሳይ ማሚ ደጃፋቸውን ጠርገው፣ ውኃ ረጭተው፣ እርጥቡ መሬት ላይ ጎንበስ ብለው ነጭ ዱቄት ያፈሳሉ። የሩዝ ዱቄት ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ቆንጠር አድርገው ይይዙትና እንደ ፈትል ይለቁታል። መጀመሪያ ነጥብ በነጥብ ደረደሩ። ከዚያ መስመሩ በነጥቦቹ መሀል እየተጠማዘዘ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ገጠመ። ወገባቸውን አንዴም ቀና አላደረጉም። ኮላም ይሉታል። ቀን ሰው ይረግጠዋል፣ ሞተር ሳይክል ይሄድበታል፤ ነገ ሌሊት እንደገና ይሠራል። «ጉንዳን ወረረው እኮ» ስላቸው «ለእሱም ነው» አሉኝ።

ቡና አመጡልን። ቺኮሪ የሚባል ሥር ተቆልቶ የተቀላቀለበት፣ ወተቱ የበዛ፣ በሁለት የብረት ዕቃ መሀል ከፍ ዝቅ እየተንቆረቆረ አረፋ የሚያወጣ ቡና ነው። የቡና አገር ልጅ ነኝና ፊቴን ላጨማድድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለተኛ ጠየቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁዳዴ መሆኑን ረስቼ ወተቱን ጠጣሁት። እማዬ ግን አልነካችም። «ፆም ነኝ በያቸው።»

ይህን ማስረዳት ቀላል አልሆነም። ማሚ ሥጋም እንቁላልም በዕድሜያቸው ቀምሰው አያውቁም፤ እዚህ ቤት የሚበስለው ሁሉ በእኛ ዓይን የፆም ነው። ወተትና ቅቤ ፍስክ ነው ሲባሉ ደነገጡ። ለእሳቸው ከላም ከሚገኝ ነገር የበለጠ ንጹሕ የለም። ጥቂት አሰቡና ቅቤ ያልነካው ምጣድ ፈልገው ዶሳ ጋገሩላት። ሩዝና ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሌሊቱን ሲቦካ አድሮ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። እማዬ በጣቷ ዳበሰችው፣ አሸተተችው፣ ቆረሰችው። «እንጀራ ነው፤ ግን ዓይን የለውም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እንደ ባለቤቱ» ብላ ወደ ራሷ ጠቆመች።

ባንዲራው የወጣው በዚያው ጠዋት ነው። ፓንጉኒ በሚሉት ወራቸው፣ በእኛ መጋቢት አካባቢ፣ የሰፈሩ ቤተ መቅደስ የዓመቱን ትልቁን በዓል አሥር ቀን ያከብራል፤ በዓሉም የሚከፈተው የበሬ ምስል ያለበት ባንዲራ ግቢው ውስጥ ካለው ምሰሶ ላይ ሲሰቀል ነው። በሬው ናንዲ ይባላል፣ የቤተ መቅደሱ አምላክ የሺቫ መጓጓዣ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከማሚ ነው፤ እኔ ያየሁት ጎዳናውን ነው። ቤቱ ያለው ቤተ መቅደሱን በአራት አቅጣጫ ከከበቡት የማዳ ጎዳናዎች በአንዱ ላይ ስለሆነ፣ አሥሩንም ቀን ዑደቱ በበረንዳችን ሥር ያልፋል። ኪራይ ስንከፍል ይህን አላወቅንም ነበር።

እሑድ

ማሚ ከሰዓት በኋላ ይዘውኝ ሊሄዱ ተነሡ። ከበሩ ሳንወጣ ጠጋ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ «ዛሬ ደህና ነሽ አይደል?» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጤናው የተጠየቀ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ የወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች ከደጅ ቆመው ሲያስቀድሱ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። በዚህ ጉዳይ የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ የዛሬ ወሬ ግን አይደለም።

እማዬ አልመጣችም። «ቤተ ጣዖት ምን ልሠራ?» ብላ ውዳሴ ማርያሟን ከስልኳ ከፍታ ተቀመጠች። ደረጃውን ስጀምር ጠራችኝ።

«ጫማ ያስወልቃሉ?»

«አዎ።»

«እሱስ ጥሩ።»

ቤተ መቅደሱ ካፓሊሽዋራር ይባላል። በምሥራቅ በሩ ላይ ጎፑራም የሚሉት 37 ሜትር ያህል ግንብ ቆሟል፤ በፈረንጆች 1906 የተሠራ ነው። ከግርጌ እስከ ጉልላት በቀለም የተቀቡ አማልክት፣ ዘበኞች፣ ሙዚቀኞችና እንስሳት ተጠቅጥቀውበታል። አንጋጥጬ አንጋጥጬ አንገቴ ዛለ። ከበሩ ፊት አበባ ሻጮች ተኮልኩለዋል። የጃስሚኑን እምቡጥ በሙዝ ግንድ ቃጫ ሁለት ሁለት እያደረጉ ሲያስሩት ጣታቸው አይታይም። የሚሸጡት እንደ ድሮ ሸማ በክንድ ነው፤ ሻጯ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ለክታ ትቆርጣለች። ማሚ ሦስቱን ሻጮች አልፈው አራተኛዋ ጋ ቆሙና «ይቺ ክንደ ረጅም ናት» አሉኝ።

ግቢው የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ በባዶ እግር ያቃጥላል። ሰው ሁሉ ቤተ መቅደሱን በቀኙ አድርጎ ይዞራል። ዋናው የሺቫ ማደሪያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ትልቁ ኩሬ ነው የሚመለከተው። ሚስቱ እዚህ ካርፓጋምባል ትባላለች፤ የለመኗትን የምትሰጥ ዛፍ እንደማለት ነው። አንድ ፑናይ የሚሉት ዛፍ ሥር ሴት ጣዎስ ሺቫን ስታመልክ የሚያሳይ ትንሽ ማደሪያ አለ። ታሪኩን ማሚ በመምህርነት ድምፃቸው ነገሩኝ፦ ሺቫ ለሚስቱ ምስጢር ሲያስተምራት አንድ ጣዎስ ክንፉን ዘርግቶ ሲጨፍር ታየና ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ባሏ ተቆጥቶ ጣዎስ ሁኚ ብሎ ረገማት። እዚህ መጥታ፣ በጣዎስ መልኳ፣ በዚህ ዛፍ ሥር ሰግዳ ታረቁ። ማይል በታሚል ጣዎስ ነው፤ ማይላፖርም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። «አርባ ዓመት አስተማርኩ» አሉ ማሚ፤ «በመስኮት የሚያይ ተማሪ ስንቱን ቀጥቻለሁ፣ ወደ ጣዎስ ግን ማንንም አልለወጥኩም።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚገባው ሂንዱ ብቻ ነው፣ ተጽፏል። አልከፋኝም። የእኛንስ መቅደስ ከቄስና ከዲያቆን በቀር ማን ይገባዋል? ባንዲራው ከተሰቀለበት ምሰሶ አጠገብ ቆሜ ልጠብቃቸው ስል፣ ማሚ ከመግባታቸው በፊት ዞሩ። ለእማዬ ዓይን ሊያስጸልዩ ነው። ቤተ መቅደሱን የሚያስተዳድረው የታሚል ናዱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ለጸሎቱም ትኬት ይቆረጣል፤ ትኬታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ስሟንና ኮከቧን ንገሪኝ» አሉኝ።

በዚህ ላይ ቆም አልኩ። እኛም ለጸሎት ስም እንሰጣለን፣ የምንሰጠው ግን የክርስትና ስም ነው። አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። የዚያ ስም ባለቤት ሌላ ቦታ ነው ያለው አልኩ በልቤ። የቤት ስሟን ሰጠኋቸው። ኮከቧን ግን ከየት ላምጣ? እነሱ ኮከብ የሚሉት በተወለዱበት ሰዓት ጨረቃ ያረፈችበትን ነው። የእኛ ደብተራ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ደምሮ ያወጣው ይሆናል፤ እማዬ ግን የተወለደችበትን ቀን ቀርቶ ዓመቱንም የምታውቀው «የአንበጣው ጊዜ» ብላ ነው። ማሚ ይህን ስነግራቸው አልተቸገሩም። ኮከቡን የማያውቅ ሰው ሲኖር ጸሎቱ በራሱ በአምላኩ ስም ይደረሳል አሉኝና ገቡ።

ምሰሶው ሥር ቆሜ ሰፈሩን አየሁት። ወንበሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ጋዜጣ ለሦስት ተካፍለው ያነባሉ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች የፈተና መግቢያ ወረቀታቸውንና እስክሪብቶአቸውን ራሱ የዝሆን የሆነው አምላክ ጋኔሽ ፊት አስቀምጠው ጆሯቸውን በተሻገረ እጅ ይዘው ቁጭ ብድግ ይላሉ፤ መጋቢት እዚህም የፈተና ወር ነው። አንዲት እናት ለልጇ ሩዝ ታጎርሳለች። ጨርሶ የሚወጣው ሁሉ ደግሞ ከመሄዱ በፊት አንድ ጥግ ፈልጎ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ሳይቀመጡ መሄድ ነውር ነው። የሚጸልይም ስልኩን የሚነካካም አለ።

ማሚ ነጭ አመድ በወረቀት ጠቅልለው ወጡ። እማዬን ደብቄ ላልፋት አልቻልኩም፣ ማታ ነገርኳት። «ማን ጠየቀሽ?» አለች። ቆየችና «የትኛውን ስም ሰጠሻቸው?» አለች። የቤቱን አልኳት። ምንም አልመለሰችም። አመዱን ግን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ሳትቀባው፣ አንድ የረሳሁትን ነገር አነሣች፦ ደሴ ስትማር ግንባሩ ላይ ሦስት አግድም የአመድ መስመር አድርጎ የሚመጣ የህንድ የሒሳብ መምህር ነበራቸው። «ምድጃ ላይ የተኛ ይመስለን ነበር» አለች። «ሒሳብ ግን እሱ ነው ያስገባልኝ።»

ሰኞ

ከጎሕ በፊት ዑደት ነበረ። የሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው፣ ሺቫ አዲካራ ናንዲ ላይ ይወጣል፤ ሰውነቱ የሰው፣ ፊቱ የበሬ የሆነ ተሸካሚ ምስል ነው። በሩ ሲከፈት የተጠራቀመው ሰው ሁሉ እጁን ከራሱ በላይ አጋጠመ። በኋላ ማሚን ጠየቅኋቸው፤ መቅደሱ ውስጥ ያለው የድንጋዩ ምስል ከቦታው አይነቃነቅም፣ ወደ ጎዳና የሚወጣው የነሐሱ ነው። ለምን ይወጣል? መምጣት ላልቻለው። ለታመመው፣ ላረጀው። ድሮ ደግሞ እንዳይገባ ለተከለከለው፤ ዝቅ ተደርገው የሚታዩት ወገኖች ያኔ ማድራስ ይባል በነበረው በዚህ ግዛት በሕግ መግባት የተፈቀደላቸው በፈረንጆች 1947 ነው።

ቤተ መቅደስ ሄድኩ ለማለት «ዳርሻን ወሰድኩ» ይላሉ፤ ዳርሻን ማለት ማየት ነው። አምላኩን ታየዋለህ፣ እሱም ያይሃል፣ ግማሹ ጸሎት በዚያ አለቀ። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ጥምቀት ላይ እኛም እንወጣለን፣ ጃንጥላውም መለከቱም ዕልልታውም አንድ ነው፤ ታቦቱ ግን ተሸፍኖ ነው የሚሄደው። አይቼዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ደፋር ነው። እዚህ ደግሞ ሰው ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «አየኸው? አየኸው?» ይላል።

ከዚያ ሆስፒታል። ቁጥር፣ ወረፋ፣ ጠብታ፣ እንደገና ወረፋ። ከእኛ ጎን የተቀመጡት ከሱዳን የመጡ ናቸው፤ እማዬ በሦስት የዐረብኛ ቃል ሙሉ የቤተሰብ ታሪክ አወጣች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፤ ደሙን ከዓይኑ ውስጥ አጥበን እናወጣዋለን፣ ረቡዕ አለች። ተስፋው ምን ያህል ነው ስላት «ከኋላው ያለውን ሬቲና ሳላየው አልነግርሽም» አለችኝ። እውነቱን የሚናገር ሐኪም ቢያስጨንቅም ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ

የደም ምርመራ ብቻ ነበረን፤ በአምስት ሰዓት ጨረስን። እማዬ «ቶማስ እዚህ ነው አይደል የሞተው?» አለች። ስንክሳሩን ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። ከማሚ ቤት ወደ ባሕሩ ብዙም ሳይርቅ በሐዋርያው መቃብር ላይ ነው የሚባል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሳን ቶሜ ይባላል፤ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን የሠሩት በ19ኛው መጨረሻ ፈርሶ ሰማይ ጠቀስ ነጭ ሆኖ እንደገና ተሠርቷል። እማዬ መድረኩን ሳመች፣ በግድግዳው ተደግፋ ወደ ታች ወርዳ መቃብሩ ጋ ረጅም ጊዜ ቆመች። ያለቀሰች መሰለኝ፤ ዓይኗ በዚያን ሰሞን ስለሚያነባ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ማታ ለማሚ የት እንደዋልን ነገርኳቸው። ባቄላ መሰል ነገር እየፈለፈሉ ነበር። «አዎ» አሉ፤ «ድሮ ቤታችን እዚያ ነበር።» መጀመሪያ የልጅነት ቤታቸውን የሚሉ መሰለኝ። ለካስ ቤተ መቅደሱን ነው። የድሮው ካፓሊሽዋራር ባሕሩ ዳር ነበር፤ ፖርቱጋሎች አፈረሱት፣ የአሁኑ ቆይቶ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተሠራ። ኩሬውን ደግሞ መሬቱን የሰጠው የአርኮት ሙስሊም ገዥ ነው ይላሉ፤ ሙስሊሞችም በሙሐረም ወደ ኩሬው ይወርዳሉ። ማሚ ይህን ሁሉ ሲናገሩ ጣታቸው መፈልፈሉን አላቆመም። ለእማዬ ይተርጎም አይተርጎም አመነታሁና ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማች፤ ከዚያ ሳሕኑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ በዳሰሳ አብራቸው ትፈለፍል ጀመር።

ረቡዕ

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ዓይኗን አሽገው ሰጡኝ።

ማታ በአምስተኛው ቀን ሺቫ በብር በሬ ላይ ይወጣል፤ ሰው ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር የሚመጣበት ሌሊት ነው። እኔ ከአልጋው አልራቅሁም። ድምፁ ግን መጣ። ናዳስዋራም የሚሉት ረጅም የእንጨት መንፊያና ከጎኑ ታቪል የሚባል ከበሮ ጎዳናውን ሞልተው በመስኮታችን ሥር ቆሙ። እማዬ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«እምቢልታ ነው?»

«እንደዚያ ያለ።»

«እኔስ ንጉሥ የመጣ መስሎኛል» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐሙስ

እሽጉ ተነሣ። ሐኪሟ ጣቶቿን ዘርግታ ስንት ነው አለች፤ ሦስት፣ አለች እማዬ። ትክክል ነበረች። ሬቲናው ከተፈራው የተሻለ ነው ተባልን። ነገሮች ጉም ውስጥ እንዳሉ ሆነው ነው የሚታዩአት፣ ቀዩ ነጠላ ግን ተነሥቷል። ኮሪደሩ ላይ እጄን አንሥታ ወደ ፊቷ አስጠጋች። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጀሁ። «ጥፍርሽን መቼ ነው የቆረጥሽው?» አለችኝ።

ጥቁር መነጽር፣ በቀን ስድስት ጊዜ ጠብታ፤ አቧራ፣ ግፊያና ውኃ ክልክል።

ዓርብ

የሠረገላው ቀን። ቤት የሚያህል የእንጨት ሠረገላ ነው፤ ጉልላቱ በጨርቅና በአበባ ተሸፍኗል፣ ሺቫ ከላይ ተቀምጧል። የሚስቱና የልጆቹ ሠረገላዎች ይከተሉታል። ከፊቱ ሁለት ገመዶች ተዘርግተዋል፤ ውፍረታቸው የኔን ክንድ ያህላል። መያዝ የፈለገ ሁሉ ይይዛል። ባንክ የሚሠራ የሚመስል ባለ መነጽር ሰውዬና አንዲት አሮጊት መሀል ክፍት ቦታ አየሁና ገባሁ፤ ይህንንም ለእማዬ አልነገርኳትም፤ እንግዲህ ካነበበችው ታውቃለች።

መጎተቱን ሁሉም ያወራል፤ እኔን የገረመኝ ማቆሙ ነው። መንኮራኩሮቹ ጎን ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች በእጃቸው የእንጨት ሽብልቅ ይዘው ይሮጣሉ። ሠረገላው ሲፈጥን ሽብልቁን ከመንኮራኩሩ ሥር ይወረውሩታል፤ እንጨቱ ይጮኻል፣ የተቃጠለ እንጨት ሽታ ይሸታል፣ ያ ሁሉ ክብደት ይንገዳገድና ይቆማል። ማጠፊያ ላይ ሲደርስ ደግሞ የአንዱን ጎን ብቻ በሽብልቅ እየያዙ ያዞሩታል። መሪ አላየሁም፣ ፍሬን አላየሁም፤ ያየሁት የነዚያን ሰዎች ዓይንና እጅ ብቻ ነው። ገመዱ ሲላላ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይላል፤ አንዴ የአሮጊቷን እግር ረገጥኳት፣ እሷ ግን ክርኗን ጎኔ ላይ ደግፋ መጮኋን ቀጠለች። አራቱን ጎዳናዎች ዞሮ ወደ ቦታው ሲመለስ ቀኑ ገፍቷል። መዳፌ እስካሁን ይለበልባል።

ቅዳሜ

ዛሬ የስድሳ ሦስቱ ቀን ነው። ስድሳ ሦስቱ ናያንማር የሚባሉት የሺቫ ወዳጆች፣ ቅዱሳን ብንላቸው ይቀርባል፣ በነሐስ ተቀርጸው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ተደርድረዋል፤ በዓመት አንዴ ዛሬ ወጥተው ጌታቸውን ያጅባሉ። ንጉሥም አለ፣ ካህንም አለ፤ ግን ሸክላ ሠሪ፣ ልብስ አጣቢ፣ ዓሣ አጥማጅና አዳኝም አለ። ሸክላ ሠሪን ከማዕድ ለይቶ ሲያስቀምጥ ከኖረ አገር የመጣሁ ስለሆንኩ ይህን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ነው ያስደገምኳቸው። ማሚ ደግሞ «አገሩ ሁሉ እንደ ነሐሱ አይደለም» ብለው አሳጠሩልኝ። አንደኛው የዚሁ የማይላፖር ሰው ነው፣ ቫይላር ይባላል። ዝም ያለ ሰው ነበረ፤ ቤተ መቅደሱን በልቡ ውስጥ ሠርቶ፣ መብራቱንም በልቡ አብርቶ፣ እዚያው ሲያመልክ ኖረ ይላሉ።

ጠዋት ኩሬው ዳር የፑምፓቫይን ታሪክ ያስባሉ። ልጅቷ አበባ ስትለቅም እባብ ነድፎ ገደላት። ነጋዴ አባቷ ለሳምባንዳር ልድራት ብሎ ነበርና አመዷንና አጥንቷን በማሰሮ አኑሮ ጠበቀው። በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሕፃኑ ባለ ቅኔ ሳምባንዳር መጣ፣ ማሰሮውን አስቀርቦ ዘመረ። መዝሙሩ ግን ተነሺ አይላትም። የማይላፖርን በዓላት በየወሩ እየጠራ ይጠይቃታል፦ ይህን በዓል ሳታዪው ትሄጃለሽ? ያኛውንስ ሳታዪው ትሄጃለሽ? ዛሬ የሚከበረው የፓንጉኒ በዓልም ከነዚያ አንዱ ነው። ማሰሮው ተሰነጠቀና ልጅቷ ወጣች። ቤት ተመልሼ ለእማዬ ስነግራት «ተነሣች?» አለች። ተነሣች አልኳት። «እህ» አለች፤ «በልቅሶ አልሆነም፣ በበዓል።»

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሁሉ ማዕድ ሆነ። ባለ ሱቁ፣ ባለ ቤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ጠረጴዛ አውጥቶ ላላፊ አግዳሚው ያድላል፤ ሩዝ፣ ሽንብራ፣ ቀጭን አጓት፣ ብስኩት። ማሚ በየዓመቱ የሚያወጡት አጓትና ፓናካም ነው። ፓናካም ጥቁር ስኳር በውኃ ተበጥብጦ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ሄል የሚገባበት ነው። እማዬ ቀመሰችውና «ብርዝ ነገር ነው» ብላ የፆም መሆኑን አረጋግጣ ሁለት ኩባያ ጠጣች። ስኳሯን አስታወስኳት፤ አልሰማችም። ግፊያው ስለተከለከለች ከበሩ ውስጥ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣ ዝንጅብል ልጣለች። ማሚ ይቀዳሉ፣ እኔ አድላለሁ። አንድ ፖሊስ አራት ጊዜ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መለከቱ ሲሰማ እማዬን ወደ በረንዳው አወጣኋት። ነሐሶቹ በየቃሬዛው ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ አበባ ለብሰው፣ በሰው ትከሻ ላይ እየተወዛወዙ መጡ። ማሚም ተከትለውን ወጡና እየጠቆሙ ይነግሩን ጀመር። አዳኙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ካናፓር ነው። ሥርዓት የማያውቅ የጫካ ሰው ነበር፤ ለሺቫ ያደነውን ሥጋ፣ ውኃም በአፉ ይዞ ነበር የሚያመጣለት። አንድ ቀን የምስሉ አንድ ዓይን ደማ። አዳኙ በፍላጻው የራሱን ዓይን አውጥቶ ተካለት፣ ደሙ ቆመ። ወዲያው ሁለተኛው ደማ። ሁለተኛውንም ካወጣ እንደማያይ ያውቃልና ቦታውን እንዳይስት በእግሩ ጫማ የምስሉን ዓይን ረግጦ ያዘ፤ ፍላጻውን ሲያነሣ ሺቫ እጁን ያዘው።

ተረጎምኩላት። እማዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች፤ ይህም ክልክል ነው።

«የትኛው ነው?»

ጠቆምኳት። ያየችውን አላውቅም፤ ቢጫ ነገር፣ አበባ፣ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ይሆናል። እጇን አላነሣችም፣ አላማተበችምም። ቃሬዛው ከማዕዘኑ እስኪዞር ድረስ ግን ፊቷ አብሮት ዞረ። ከኋላ ትልቁ መጣ፣ ጎዳናው በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ማሚ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጋጠሙ። እማዬ ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና ተነሥታ ቆመች። ለሰው በዓል አይቀመጡም አለችኝ ኋላ ስጠይቃት።

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ከታች ጠራጊዎች የወረቀት ኩባያ በአካፋ ይሰበስባሉ። ማሚ የአጓቱን ጋን እያጠቡ ነገ ሺቫ ለማኝ መስሎ እንደሚወጣ፣ ሰኞ ማታ ደግሞ የእሱና የካርፓጋምባል ሰርግ እንደሚሆን ነገሩን። ትኬታችን ለሰኞ ንጋት ነው። ሻንጣውን ግማሽ አድርሼዋለሁ። እማዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ጠብታዬን እስክጨርስላት ዝም አለች፤ ከዚያ ዓይኗን እንደጨፈነች፦

«ይሄ የአውሮፕላን ትኬት ቀን ሲቀየር ቅጣቱ ስንት ነው?»